ባሕር ዳርን ቦርሳ አዝሎ መጎብኘት፦ ከጣና ዳር ሰዎች ጋር ለመገናኘት የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ባሕር ዳር የሄደ ሰው የሚያደርገው ይታወቃል። ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት፣ ከሰዓት ጢስ ዓባይ፣ ማታ ሐይቁ ዳር አሳ፣ በነጋታው ወደ ቤት። ፎቶው ያምራል። ግን በዚያ ሁሉ ሰዓት ከጀልባ ነጂውና ከአስተናጋጇ በቀር ከማንም ጋር አይወራም። ከዘንባባዎቹ ጎዳና ብዙም ሳይርቅ ደንገል የሚባለውን ረጅም የውኃ ዳር ተክል አጭዶ ታንኳ የሚሠራ ሕዝብ አለ። ነገደ ወይጦ ይባላል። የጣናን ጠባይ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። አብዛኛው ጎብኚ ግን መኖራቸውን እንኳ ሳያውቅ ይመለሳል።

ይህ መመሪያ ቦርሳውን አዝሎ፣ ኪሱን እያየ፣ ቀስ ብሎ ለሚጓዝ ነው። አምስት ወይም ስድስት ቀን ካላችሁ ሸጋ ነው። ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁ ፏፏቴውን ተዉት፤ ሰዎቹን ግን አትተዉ።

1. መጀመሪያ ስልክ ደውሉ

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የቆየው ግጭት የጎጃምን መንገድ አስቸጋሪ አድርጎታል። በዚህ ሳምንት የተከፈተ መንገድ በሚቀጥለው ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እዚያው ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ደውሉ። ዘመድ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ ካላችሁ እሰየው። ከሌላችሁ ልታርፉበት ያሰባችሁት ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያለውን ሰው ጠይቁት። ፌስቡክ ላይ የተጻፈውን አትመኑ።

አራት ነገር ጠይቁ። መንገዱ ክፍት ነው ወይ? ከተማው ውስጥ የሰዓት እላፊ አለ ወይ? ባጃጅና ታክሲ ይሠራሉ ወይ? ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ጀልባ ይወጣል ወይ? ከአራቱ ለአንዱ የተሰጣችሁ መልስ «እንጃ» ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ጣና የትም አይሄድም።

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ ያለው ዋና መንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎሐ ጽዮን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፣ ደጀን ላይ ይወጣል። ከዚያ ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ፣ መራዊ እያለ ባሕር ዳር ይገባል። ከደጀን በቢቸና፣ በሞጣና በአዴት በኩል የሚያቋርጥ አጠር ያለ መንገድም አለ። መንገዱ ሰላም ሲሆን በአውቶቡስ መሄድን የሚያህል የለም፤ ጎጃምን የምታዩት በመስኮቱ ነው። መንገዱ ሲያጠራጥር ግን ገንዘብ አጠራቅሙና በአውሮፕላን ሂዱ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

በየብስ የምትሄዱ ከሆነ በቀን ብቻ ተጓዙ። የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ቦርሳ ሥር የተቀበረ መታወቂያ በየኬላው አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያስቆማል።

2. ወቅቱን ምረጡ

እኔ ብትጠይቁኝ ጥቅምትና ኅዳር ናቸው። ዝናቡ ያባራል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሐይቁ ሞልቷል። አንድ ችግር አለው፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር የወባ ወቅት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ወባ አይደርስባትም ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ይደርሳል። ታኅሣሥና ጥርም ጥሩ ናቸው፤ ቀኑ ደረቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ይሞቃል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃ ነው፤ በተለይ ዘጌ ላይ በእግር መሄድ ይፈትናል።

የበዓል ቀን አስሉ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያን ዕለት በምእመን ትሞላለች። ሰው በሰው ላይ ሲሆን ደስ የሚላችሁ ከሆነ ያን ቀን ሂዱ። ሥዕሎቹን ረጋ ብላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ቀን ምረጡ። በጾም ቀን ቅዳሴ ከሰዓት ስለሚያልቅ መድረሻችሁን ከዚያ ጋር አስማሙ።

3. ቦርሳውን አቅልሉ

ባሕር ዳር ትልቅ ከተማ ናት፤ የረሳችሁትን ሁሉ ትገዛላችሁ። ሸክም አታብዙ። እነዚህን ግን አትርሱ፦

ነጠላ ወይም ሻርፕ፣ ለወንድም ለሴትም። ለሴት ረጅም ቀሚስ። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ታወልቃላችሁና። የእጅ ባትሪ፣ የገዳማቱ ውስጥ ጨለማ ነውና። የትንኝ መከላከያ ቅባት። ቀላል አጎበር፤ ርካሽ አልጋ ቤት ውስጥ ያለው አጎበር አንዳንዴ ቀዳዳው ከጨርቁ ይበልጣል። ስልክ የሚጠቀለልበት ላስቲክ። ፓወር ባንክ። በሶና ቆሎ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከተማው ውስጥ በቴሌብር ወይም በባንክ መተግበሪያ መክፈል ይቻላል። ደሴት ላይና መንደር ውስጥ ግን ጥሬ ገንዘብ ነው የሚሠራው፤ ኔትወርክም ይጠፋል። ዝርዝር ብር ያዙ። ትልቅ ኖት ይዞ ቅርጫት የምትሸጥ እናት ፊት መቆም ለሁለታችሁም መከራ ነው።

4. የመጀመሪያውን ቀን ለከተማው ስጡ

እንደደረሳችሁ ጀልባ ላይ አትውጡ። ብዙ ደላላ «አሁን ካልሄዳችሁ ነገ አይገኝም» ይላችኋል። ይገኛል።

ባሕር ዳር የሳይክል ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ተማሪውም ሠራተኛውም ይጋልባል። በሰዓት ወይም በቀን የሚያከራዩ አሉ። ከመውሰዳችሁ በፊት ፍሬኑን ሞክሩ፣ ጎማውን ጨበጥ አድርጉ። ከዚያ በሐይቁ ዳር ወርዳችሁ ወደ ዓባይ ድልድይ ሂዱ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ እግረኛና ሳይክል የሚያልፍበት ቦታ አለው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምረው እዚሁ አካባቢ ነው። ጉልበት ከተረፋችሁ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጡ፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ነው። ከላይ ወንዙና ከተማው አብረው ይታያሉ። ሳይክሉን ግን ዳገቱን እየገፋችሁ ነው የምትወጡት።

ቅዳሜ ከሆነ ወደ ገበያ ሂዱ። ከገጠሩ ሁሉ ሰው የሚመጣበት ቀን ነው። የዘጌ ቡናና ጌሾ፣ ማር፣ ዳጉሳ፣ ቅርጫትና ሰፌድ ታገኛላችሁ። የቅርጫቶቹን ዋጋ ጠይቁ፤ አሁን አትግዙ። ነገ ከሠሪው እጅ ስትገዙ ዋጋው ስንት መሆን እንዳለበት ታውቃላችሁ።

ማደሪያ ላይ ብዙ አልመክርም። አውቶቡስ መናኸሪያውና ገበያው አካባቢ ርካሽ አልጋ ይገኛል፤ ሐይቁ ዳር ያለው ይወደዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ክፍሉን ግቡና እዩ። ውኃ ክፈቱ፣ ቁልፉን ሞክሩ፣ አጎበሩን ዘርጉ።

ምግብ አሳ ነው። ጉላሽ፣ ለብለብ፣ ዱለት፣ ሙሉ ጥብስ። ቀረሶ ለጥብስ፣ አምባዛ ለወጥ ይሻላል። ሰው ከሚበዛበት ቤት ብሉ፤ አሳ የሚያድርበት ቤት በባዶ ወንበሩ ይታወቃል።

5. ነገደ ወይጦን ለማግኘት

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆኑ እወቁ። ነገደ ወይጦ በጣና ዙሪያ ከጥንት ጀምሮ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥም፣ ሐይቁ ዳር ባሉ ሌሎች መንደሮችም አሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ስለ እነሱ ጽፏል። ያኔ የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ዛሬ ቋንቋው ጠፍቷል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አጥኚዎች ሲመጡ ሁሉም የሚናገሩት አማርኛ ነበር። ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር፣ ሥጋውንም ይበሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ለዘመናት አግልሏቸው ኖሯል፤ አብሮ አይበላም፣ አይጋባም። የእርሻ መሬትም አልነበራቸውም። ኑሯቸው አሳ፣ ደንገል፣ የወፍጮ ድንጋይ መጥረብና የቀን ሥራ ላይ ቆመ። ዛሬ ከተማው ወደ ሐይቁ በሰፋ ቁጥር፣ የሐይቁ ዳር ረግረግ በታረሰ ቁጥር፣ ደንገሉ ይቀንሳል። ደንገል ሲጠፋ የሚጠፋው እንጀራቸው ነው።

ይህን የማታውቁ ከሆነ «ለምን በጎጆ ይኖራሉ?» የሚል ጥያቄ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ካወቃችሁ ግን ምን እንደማትጠይቁም ታውቃላችሁ።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። «ነገደ ወይጦ» በሉ። ባዶውን «ወይጦ» ሌላው ሰው ለስድብ ሲጠቀምበት ስለኖረ ብዙዎቹን ያስቀይማል።

ሰው ፈልጉ። ካሜራ አንጠልጥላችሁ ዝም ብላችሁ መንደሩ ውስጥ አትግቡ። ማንም ሰው ሰፈራችሁ ገብቶ ሳይጠይቅ ቤታችሁን ፎቶ ቢያነሳ ምን እንደምትሉት አስቡ። የከተማውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ወይም ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ያዙ። ስትጠይቁ ግን «ከማኅበረሰቡ የተወለደ ሰው አገናኙን» በሉ። ከውጭ የሚመጣ አስጎብኚ አንዳንዴ እነሱ ፊት ቆሞ ስለ እነሱ ያወራል፤ ያ ያሳፍራል። ከሰፈሩ ልጅ ጋር ስትሄዱ የምትከፍሉት ገንዘብም እዚያው ይቀራል። ክፍያውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሰዓት ምረጡ። አሳ አጥማጆች በጠዋት ከሐይቁ ሲመለሱ ጥሩ ነው፤ ወይም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ወዲህ፣ ሴቶቹ ደጅ ላይ ሲሰፉ። ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሶላት ስላለ አትሂዱ። በረመዳን ከሄዳችሁ በፊታቸው ውኃ አትጠጡ።

ሰላምታ ስጡ። «አሰላሙ አለይኩም» በሉ፤ ክርስቲያንም ብትሆኑ ደስ ይላቸዋል። «እንደምን ዋላችሁ» ማለትም ያው ነው። ሽማግሌውን «አባባ»፣ ትልቋን ሴት «እማማ» ብላችሁ አንቱ በሉ። ሴት እጇን ካልዘረጋች እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ። ቁጭ በሉ ሲሏችሁ ቁጭ በሉ። ቆሞ የሚያወራ ሰው ቶሎ ሊሄድ የመጣ ይመስላል።

ስለ ሥራው ጠይቁ። ጨዋታው የሚከፈተው በዚህ ነው። ደንገሉን ከየት ታመጣላችሁ? ስንት ቀን ይደርቃል? እንዴት ይታሰራል? ታንኳ የሚሠራው የደረቀ ደንገል በነዶ በነዶ ታስሮ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ተቀስሮ ነው። ምስማር የለውም፣ እንጨትም ብዙ አይገባበትም። ውኃ ስለሚጠጣ ከሐይቅ ሲወጣ ዳር ላይ ፀሐይ ይመታዋል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ደንገሉ እየበሰበሰ ይከብድና በሌላ ይተካል። ሞተር ጀልባ በዛ፣ የእንጨትና የፋይበር ጀልባም መጣ፤ ታንኳው ግን አሁንም አለ። ደንገል ርካሽ ነው፣ ቤንዚን አይጠጣም።

ስለ እምቦጭም ጠይቋቸው። ይህ አረም ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ከታየ ወዲህ ብዙ ተብሎለታል፣ ብዙ ዘመቻም ተደርጎበታል። የባሰው በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነው። መረቡ ሲያዝበት፣ አሳው ሲርቅበት ያየ ሰው የሚነግራችሁ ግን ዜና ላይ አይወጣም።

ስለ ጉማሬ ሥጋ መጀመሪያ አትጠይቁ። ሲገለሉ የኖሩት በእሱ ነው። ሽማግሌው ራሱ ካነሳው ስሙት። አንዳንዱ በኩራት ያወራዋል፤ ጉማሬን በታንኳ ላይ ሆኖ በጦር መግጠም ቀላል ጀግንነት አይደለምና።

ቡና ከቀረበ ጠጡ። ይሄ ከሁሉም ይበልጣል። ብዙ ዘመን ጎረቤት አብሮ አልበላም ስላልኳችሁ፣ ስኒ ተቀብሎ መጠጣት እናንተ ከምታስቡት በላይ ትርጉም አለው። ክርስቲያኑ አንባቢ በሥጋ ጉዳይ ቢጠነቀቅ ይገባቸዋል፤ እነሱም ይጠነቀቃሉ። አሳ ግን አራጅ የለውም፤ ቡናና ዳቦም እንዲሁ። ሁለቱም ሃይማኖት አንድ ትሪ ላይ የሚገናኝበት ምግብ ነው። «በልቻለሁ» ብላችሁ የምታመልጡ ከሆነ ባትሄዱ ይሻላል።

ስትገዙ ብዙ አትከራከሩ። ቅርጫት፣ ምንጣፍ፣ ትንንሽ ታንኳ ይሸጣል። «ስንት ቀን ፈጀብሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በቀን ሥራ ዋጋ አባዙት። የጠየቀቻችሁ ዋጋ ከዚያ በታች ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ያኔ ለመከራከር አፍ አይኖራችሁም። ገንዘቡን ለሠራችው ሴት በእጇ ስጡ፣ ለአገናኛችሁ ሰው አይደለም። ለልጆች ብርና ከረሜላ አታድሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጅ ከትምህርት ቤት እንዲቀር ያስለምዳል።

ፎቶ ፈቃድ ጠይቁ፤ «አይሆንም» ካሉ ስልኩን ኪስ ክተቱ። ከተፈቀደላችሁ ከተማው ውስጥ አሳትሙና በማግስቱ ለአገናኛችሁ ልጅ ስጡት። ሁልጊዜ ፎቶ የሚነሱ፣ ፎቷቸው ግን የማይደርሳቸው ሰዎች ናቸው።

ታንኳ ላይ ለመሳፈር ከፈለጋችሁ ዳር ዳሩን፣ ለአጭር ጊዜ፣ ከባለቤቱ ጋር ይሁን። ቦርሳ ይዛችሁ አትውጡ። መቀመጫችሁ ይርሳል፤ እወቁት። ዋና የማትችሉ ከሆነ ከሞተር ጀልባ ሰዎች ላይፍ ጃኬት ተከራዩ። ዓባይ የሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ ባለቤቱ «እዚያ አልሄድም» ካለ አትገፋፉት። እግራችሁን ውኃ ውስጥ አትንከሩ፣ አትዋኙም፤ ጣና ቢልሃርዚያ፣ ማለትም በቆዳ የሚገባ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ አለበት። ከጉዞው በኋላ ሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካያችሁ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ «ጣና ገብቼ ነበር» ብላችሁ ተናገሩ።

6. ዘጌ፦ በመሬት ሂዱ፣ በጀልባ ተመለሱ

አብዛኛው ሰው ጀልባ ይዞ ኡራ ወደብ ይወርድና ሁለት ቤተ ክርስቲያን አይቶ ይመለሳል። የኔ ምክር የተለየ ነው። ጠዋት በመኪና ወደ ዘጌ ከተማ ሂዱ። መንገዱ አቧራማ ነው፣ ግን ርካሽ ነው፣ የምትሳፈሩትም ከዘጌ ሰው ጋር ነው። ከዚያ ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር አቋርጡ። ማታ ላይ ከወደቡ በጀልባ ተመለሱ፤ የመልስ ቦታ ያለው ጀልባ ካገኛችሁ በቅናሽ ትሳፈራላችሁ። ለአስተማማኝነቱ ግን ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ከጀልባ ማኅበር ጋር ተቃጠሩ።

ዘጌ በጎጃም ከታወቁት የጫካ ቡና አገሮች አንዱ ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል። ከእሱ ጋር ጌሾና ሎሚ አለ። በትውፊቱ መሠረት ቡናውን ያመጡት ዘጌን ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት የተከለከለ ነው ይባላል፤ ጫካው እስካሁን የተረፈው በዚህ ሥርዓት ነው። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው የሚኖሩበት ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ሲመዘግብ፣ ዘጌ ላይ ሕዝቡ ለዘመናት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረውን ነው ያገኘው። በመንገዳችሁ ላይ አንድ ቤት «ቡና ጠጡ» ከተባላችሁ ግቡ። እዚያው የተለቀመ ቡና ከግቢው ባለቤት መግዛትም ይቻላል፤ ከከተማ ሱቅ የተሻለ ነው።

ገዳማቱ ብዙ ናቸው። በትረ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስ፣ አዝዋ ማርያም፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት አትሞክሩ፤ ሦስተኛው ላይ ዓይናችሁ ይደክማል። ሁለት ይበቃሉ። ኡራን አትለፉ። ክብ ቤት ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማሕሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መሐሉ ላይ መቅደሱ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ተሸፍኗል። አስጎብኚው ሲቸኩል «ቆይ» በሉት። አንዱን ግድግዳ መርጣችሁ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንገራችሁ። ፍላሽ አጥፉ። መነኩሴ ስታገኙ «አባቴ ይባርኩኝ» በሉ። መግቢያ የሚከፈለው በየገዳሙ ለየብቻ ነው፤ ደረሰኝ ተቀበሉ።

የጀልባ ዋጋ ስትነጋገሩ እነዚህን አጥሩ፦ ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? ነዳጅ ተጨምሮበታል? ስንት ቦታ ይቆማል? በየቦታው ስንት ሰዓት ይጠብቃችኋል? የገዳም መግቢያ እንደማይጨምር እናንተው እወቁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሆቴል ውስጥ ሌሎች ተጓዦችን ፈልጉና ተካፈሉ። ከመሳፈራችሁ በፊት ላይፍ ጃኬቱን በዓይናችሁ እዩ። «አለ» የሚለውን አትቀበሉ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። እንዲህ ያለ ሐይቅ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ ቶሎ ይነሳል፤ ነፋሱም የሚበረታው ከሰዓት ነው። ነጂው «እንመለስ» ካለ ተመለሱ።

7. ደሴቶቹ

ክብራን ገብርኤል ቅርብ ነው፤ ሴት አይገባበትም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው፤ የነገሥታት አፅም ያለበት ገዳም ነው። ሴቶች ካላችሁ ወንዶቹ ብቻ ገብተው እናንተ ጀልባ ላይ እንዳትቀሩ፣ ዕቅዱን ከመጀመሪያው ሌላ ቦታ ላይ አድርጉ። ለሁላችሁም የሚሆነው ደቅ ነው። ትልቅ ደሴት ነው፣ ገበሬ ይኖርበታል፣ እርሻና መንደር አለው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ያለችውም እዚያ ነው።

ወደ ደቅ በኪራይ ጀልባ መሄድ ውድ ነው። የሕዝብ ጀልባ ጠይቁ። በሐይቁ ዙሪያ ያሉ መንደሮችን የሚያገናኝ የሕዝብ ጀልባ ስለሚኖር የሚወጣበትን ቀን ወደቡ ላይ ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ። ቀስ ይላል። ሰው፣ ጆንያ፣ ዶሮ አብሮ ይጫናል። ጨዋታ ለሚወድ ከዚህ የተሻለ መጓጓዣ የለም። የመልሱ ቀን መቼ እንደሆነ ግን ሳትጠይቁ አትሳፈሩ።

8. ጢስ ዓባይ፣ ጊዜ ከተረፈ

ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አውቶቡስ ይሄዳል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ከሆነ ሂዱ። በበጋ ግን ብዙ አትጠብቁ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ውኃውን በቀጥታ ከሐይቁ ስለሚወስድ ፏፏቴው ይሳሳል። ወደዚያ ስትሄዱ የምትሻገሩት የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ በበጋ ከፏፏቴው ይልቅ እሱ ያስደስታል።

9. ስትመለሱ አዊ ላይ እደሩ

በአንድ ትንፋሽ ወደ አዲስ አበባ አትመለሱ። መንገዱ ሰላም ከሆነ እንጅባራ ላይ ውረዱ። የአገው አዊ ሕዝብ አገር ነው። አገውኛ ይናገራሉ፤ አማርኛም ይችላሉ። አውቶቡስ ላይ አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው «ሰላምታ እንዴት ነው የሚባለው?» ብላችሁ ጠይቁትና እስክትወርዱ ተለማመዱ። የተሳሳተ አነጋገራችሁ ራሱ ሳቅና ጨዋታ ያመጣል።

እንጅባራ ብርድ ናት፤ ባሕር ዳር ላይ ያላወጣችሁትን ሹራብ እዚህ ታወጡታላችሁ። አካባቢው የቀርቀሃ አገር ነው። ወንበር፣ አልጋ፣ አጥር ሁሉ በቀርቀሃ ይሠራል፤ ሲሠሩ ቆሞ ማየት ነፃ ነው። ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ፣ ከዋናው መንገድ ብዙም ሳይርቅ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያው ደን ነው። ባጃጅ ያደርሳችኋል። ጀልባ አትፈልጉ፤ በዳሩ መዞር ነው ያማረው።

ጉዟችሁን በጥር ካደረጋችሁት ቀኑን ከጥር 23 ጋር አስማሙት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን እንጅባራ ላይ የሚያከብረው ያን ዕለት፣ በጊዮርጊስ በዓል ነው። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ይዘክርበታል። ፈረሱ በጌጥ አሸብርቆ፣ ፈረሰኛው ጎፈር ደፍቶ ሜዳውን ይሞሉታል። ስትቆሙ ከገመዱ ውጭ ቁሙ፤ የሚጋልብ ፈረስ ለፎቶ አይቆምም። አልጋ ደግሞ ቀድማችሁ ያዙ። በዋዜማው የደረሰ ሰው ዳንግላ ወይም ቡሬ አድሮ በሌሊት መነሳት ግድ ይሆንበታል።